ምዕራፍ 6፦ ደካማው ትስስር

ስቴሪክ አሲድና ኦሌይክ አሲድ የተባሉ ሁለት የስብ አሲዶች አሉ። ሁለቱም አሥራ ስምንት ካርቦኖች ተራ በተራ የተቀጣጠሉባቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው። ስቴሪክ አሲድ በሞራና በቅቤ ውስጥ ይገኛል፤ ኦሌይክ አሲድ ደግሞ የወይራ ዘይት ዋነኛ ክፍል ነው። የሚለያዩት በሁለት የሃይድሮጂን አቶሞች ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው 36 ሃይድሮጂን ሲኖረው ሁለተኛው 34 አለው። ነገር ግን ስቴሪክ አሲድ እስከ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሞቀ አይቀልጥም፤ ኦሌይክ አሲድ ግን 13 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። አንዱ ሻማ የሚሠራበት ድፍን ነገር ነው፣ ሌላው በክፍል ሙቀት የሚፈስ ዘይት። ከሃምሳ ስድስት አቶሞች ሁለቱ ብቻ ሲጎድሉ ይህን ያህል ለውጥ ከየት መጣ?

መልሱ ሁለቱ ሃይድሮጂኖች ከጎደሉበት ቦታ ላይ ነው። በምዕራፍ 4 እንዳየነው ካርቦን አራት ትስስር ሳይፈጥር አያርፍም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካርቦኖች አንዳንድ ሃይድሮጂን ከጎደላቸው ለእያንዳንዳቸው ሥራ ፈት ኤሌክትሮን ይተርፋቸዋል። ያን ጊዜ እርስ በርሳቸው ሁለተኛ ጊዜ ይተሳሰራሉ። እንዲህ ያለ የካርቦን ከካርቦን ድርብ ትስስር ያላቸውን የካርቦንና የሃይድሮጂን ውሁዶች አልኪን እንላቸዋለን።

በምዕራፍ 5 ያጠናናቸው አልኬኖች ነጠላ ትስስር ብቻ ያላቸው ነበሩ፤ የቡታጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝም ሆነ የሻማ ሰም ከእነሱ ወገን ነው። እሳት ካልነካቸው በቀር ከማንም ጋር የማይገናኙ ዝምተኞች መሆናቸውን አይተናል። አልኪኖች ግን ከአሲድ፣ ከብሮሚን፣ ከሃይድሮጂን፣ ከውኃ፣ ከኦክስጅን፣ ከራሳቸው ጋርም ይዋሃዳሉ። የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ የቆመው በእነሱ ላይ ነው። የምናየውም በእነሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለመረዳት አንድ ሐሳብ መያዝ ይበቃል፦ በድርብ ትስስር ውስጥ ያሉት ሁለቱ ትስስሮች እኩያ አይደሉም። አንዱ ጠንካራና በአቶሞቹ መካከል የተሸሸገ ነው፤ ሌላው ደካማና በውጭ የተጋለጠ ነው። የአልኪን ጠባይ የሚመነጨው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

ክንድና ጋቢ

ከአልኪኖች ሁሉ ትንሹ ኤቲሊን ነው፤ ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጂን ያለው፣ ቀለም የሌለው ጋዝ። ሁለቱ ካርቦኖች በቅድሚያ አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ይጋራሉ። ይህ ጥንድ የሚያርፈው ከአንዱ ካርቦን ወደ ሌላው በሚሄደው ቀጥታ መስመር ላይ፣ በሁለቱ እምብርቶች መካከል ነው። ሁለቱም ከቅርብ ስለሚስቡት ጥብቅ ነው። ኬሚስቶች ሲግማ ትስስር ይሉታል። በአልኬኖች ውስጥ ያየነው ነጠላ ትስስር ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥንድ ኤሌክትሮን በዚያው መስመር ላይ ልረፍ ቢል ቦታው ተይዟል። ስለዚህ ከመስመሩ ወጥቶ ከሞለኪውሉ በላይና በታች ይረብባል። የሚያገናኘው በጎን ስለሆነ አያያዙ ላላ ይላል። ይህኛው ፓይ ትስስር ይባላል።

በደጋ ሌሊት ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆመዋል እንበል። ከላይ አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበዋል። የተቆላለፈው ክንድ ሲግማ ትስስር ነው፤ ጋቢው ፓይ ትስስር ነው። ጋቢውም አንድ ላይ ይይዛቸዋል፣ ግን የክንዱን ያህል አይደለም። ክንዳቸው በመካከላቸው ስለሆነ ከውጭ አይታይም፤ ጋቢው ግን በፊትም በኋላም ወርዶ ለመጣው ሁሉ ይታያል። የበረደው መንገደኛ እጁን ቢዘረጋ መጀመሪያ የሚያገኘው ጋቢውን ነው። ይህን ምስል እንያዘው፤ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ይጠቅመናል።

ቁጥሮቹም ይህንኑ ይናገራሉ። በምዕራፍ 3 የትስስርን ጥንካሬ ለመበጠስ በሚያስፈልገው ጉልበት ለክተን ነበር። አንድ ሞል የካርቦን ከካርቦን ነጠላ ትስስር ለመበጠስ 347 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ድርቡን ለመበጠስ ደግሞ 611 ያህል። ሁለቱ ትስስሮች እኩል ቢሆኑ ኖሮ ድርቡ 694 በሆነ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ትስስር የሚያወጣው 264 ኪሎጁል ብቻ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው።

ጋቢው ካርቦኖቹን ያቀራርባቸዋልም። በኤቴን ውስጥ በሁለቱ ካርቦኖች መካከል ያለው ርቀት 154 ፒኮሜትር ሲሆን በኤቲሊን ውስጥ ወደ 134 ይወርዳል። አንድ ፒኮሜትር የሜትር ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው። የሞለኪውሉ ቅርጽም ይለወጣል። እያንዳንዱ ካርቦን ሦስት ጎረቤት ብቻ ስላለው ጎረቤቶቹ በ120 ዲግሪ ገደማ ተራርቀው በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይተኛሉ። የኤቲሊን ስድስት አቶሞች ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ናቸው፤ ደካማው ትስስር ደግሞ ከገጹ በላይና በታች ክፍት ሆኖ ይቀመጣል።

መዞር ሲከለከል

ክንድ ለክንድ የተያያዙት ሁለት ሰዎች ጋቢ ባይኖራቸው ኖሮ አንዱ ክንዱን ሳይለቅ ወዲያና ወዲህ መዞር ይችል ነበር። አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበው ግን አንዱ ፊቱን ካዞረ ጋቢው ይወድቃል። በነጠላ ትስስር ላይ ካርቦን እንደ ልቡ ይዞራል፤ በኤቴን ውስጥ ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት በሞል 12 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ስለሆነ በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ ይሽከረከራል። በድርብ ትስስር ላይ ለመዞር ግን ፓይ ትስስሩን መበጠስ ግድ ነው። ዋጋው ከ260 ኪሎጁል በላይ ይሆናል። የተለመደ ሙቀት ይህን አይከፍልም።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። በድርብ ትስስሩ ሁለት ጫፎች ላይ የተንጠለጠሉ ክፍሎች አንድ ጊዜ የያዙትን ወገን አይለቁም። ቡቲን የሚባለውን አራት ካርቦን ያለው አልኪን እንመልከት፤ ድርብ ትስስሩ በመካከል ሲሆን የዳርና የዳር ካርቦኖቹ በአንድ ወገን ሊውሉ ይችላሉ፣ በተቃራኒ ወገንም ሊውሉ ይችላሉ። በአንድ ወገን ሲሆኑ ሲስ፣ በተቃራኒ ሲሆኑ ትራንስ ይባላል። አቶሞቻቸው በቁጥርም በዓይነትም አንድ ናቸው፤ የተያያዙበት ተራም አንድ ነው። ግን ሲስ የሆነው በ4 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ትራንስ የሆነው በ1 ዲግሪ ይፈላል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በየፊናቸው በየጠርሙሳቸው ይቀመጣሉ።

አሁን ወደ ስብ አሲዶቹ እንሂድ። የስቴሪክ አሲድ ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ስለሚዘረጋ ከመሰሎቹ ጋር ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ይህን ጥብቅ ድርድር ለማፍረስ ብዙ ሙቀት ያስፈልጋል። ኦሌይክ አሲድ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ካርቦን መካከል ድርብ ትስስር አለው፤ እሱም ሲስ ነው። ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይታጠፋል፤ መዞር ስለማይችል እጥፋቱን አያቃናም። የታጠፉ ሰንሰለቶች አይጠጋጉም፤ ስለዚህ በትንሽ ሙቀት ይለያያሉ። ጥፋቱ የእጥፋቱ መሆኑን የሚያረጋግጥልን ኤላይዲክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ከኦሌይክ ጋር በአቶም ቁጥር ፍጹም አንድ ሆኖ ድርብ ትስስሩ ግን ትራንስ ነው። ትራንስ ሲሆን ሰንሰለቱ ቀጥ ስለሚል መቅለጫው ወደ 45 ዲግሪ ይወጣል። ሃይድሮጂን መጉደሉ ብቻውን ዘይት አያደርግም፤ ዘይት የሚያደርገው የተቆለፈው እጥፋት ነው።

ይህን ቁልፍ የሚከፍት አንድ ነገር ብርሃን ነው፤ ዓይናችንም የሚሠራው በዚሁ ነው። በዓይን ጀርባ ባሉት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ውስጥ ሬቲናል የሚባል ሞለኪውል አለ። ሬቲናል ድርብና ነጠላ ትስስሮች የሚፈራረቁበት ሰንሰለት ነው፤ በጨለማ ውስጥ በአሥራ አንደኛው ካርቦን ላይ ያለው ድርብ ትስስር ሲስ ሆኖ ታጥፎ ይጠብቃል። ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብርሃን በሞል ሲሰላ 240 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ይዞ ይመጣል። ይህ ጉልበት ፓይ ትስስሩን ለቅጽበት ያላላዋል፤ ጋቢው ሲንሸራተት ሞለኪውሉ ይዞርና ትራንስ ሆኖ እንደገና ይደርባል። ሁሉም ነገር የሚፈጸመው የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ክፍል ሳይሞላ ነው። የቀናው ሬቲናል ያቀፈውን ፕሮቲን ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ከዚያ የሚነሣው መልእክት በነርቭ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህን መንገድ በማጥናት ድርሻ የነበረው ጆርጅ ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ሰውነታችን ሬቲናልን የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ቫይታሚኑ ሲያንስ ሲመሽ ማየት ያቅታል፤ ዳፍንት የምንለው ይኸው ነው። የልጅ ዓይን በምሽት ሲጨልምበት የጎደለው በብርሃን የሚዞር አንድ ድርብ ትስስር ነው።

ኤሌክትሮን የተቸገረ እንግዳ

እስካሁን ጋቢው እንዴት እንደሚያስር አየን። አሁን እንዴት እንደሚወሰድ እንይ። ኬሚካዊ ለውጥ በአብዛኛው ኤሌክትሮን ያነሰው ኤሌክትሮን ወዳለበት መሄዱ ነው። ከአሲድ የሚወጣ የሃይድሮጂን አዮን አንድም ኤሌክትሮን የለውም። አልኬን ዘንድ ቢሄድ የሚያገኘው በአቶሞች መካከል የተሸሸጉ ኤሌክትሮኖችን ነው፤ አይደርስባቸውም። አልኪን ዘንድ ሲደርስ ግን ከላይም ከታችም የተጋለጠ ጥንድ ኤሌክትሮን ይጠብቀዋል።

ለውጡ በሁለት እርምጃ ይካሄዳል። መጀመሪያ እንግዳው ጋቢውን ይይዛል። ከሁለቱ አንዱ ከእንግዳው ጋር ጋቢውን ይደርባል፤ ሌላው ባዶውን ይቀራል። ባዶውን የቀረው ካርቦን ኤሌክትሮን ስለጎደለው አዎንታዊ ሙላት ይኖረዋል፤ እንዲህ ያለውን ካርቦካታዮን እንለዋለን። ሁለተኛው እርምጃ ፈጣን ነው፤ ከአሲዱ የቀረው፣ ኤሌክትሮን የተረፈው ክፍል መጥቶ ባዶውን ያለብሰዋል። ክንድ ለክንድ የተያያዙት ግን አልተለያዩም። ደካማው ትስስር ሄደ፣ በምትኩ ሁለት ጠንካራ ትስስሮች ተተኩ። አንድም አቶም ሳይወጣ ሁለት ገቡ፤ ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ለውጥ የመደመር ለውጥ ይባላል። አልኪኖች ከሚታወቁባቸው ለውጦች አብዛኞቹ ይህን መንገድ ወይም የቅርብ ዘመዱን ይከተላሉ።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በመምህር ጥበቃ ሥር ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ይቀርባሉ። ብሮሚን ቆዳ የሚያቃጥልና ትንፋሽ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ ከዚያ ውጭ አይሞከርም። በአንዱ ቱቦ ነጭ የፓራፊን ዘይት፣ በሌላው የኑግ ዘይት አለ። በሁለቱም ላይ ብርቱካንማ ቀለም ያለው የብሮሚን ውኃ ጥቂት ጠብታ ይጨመራል። ዘይትና ውኃ ስለማይገጥሙ ቱቦዎቹ ታፍነው ይናጣሉ። የፓራፊኑ ቱቦ ውስጥ ብርቱካንማው ቀለም ወደ ዘይቱ ይሸሽ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። የኑጉ ቱቦ ውስጥ ግን ቀለሙ ይጠፋል፤ የሚቀረው የዘይቱ የራሱ ቢጫ ነው። ሲጨመርም እንደገና ይጠፋል። እያንዳንዱ የብሮሚን ሞለኪውል አንድ ድርብ ትስስር አግኝቶ በሁለቱ ካርቦኖች ላይ ተካፍሎ አርፏል። የፓራፊን ዘይት የአልኬኖች ድብልቅ ስለሆነ የሚሰጠው ጋቢ የለውም።

የዘይት ነጋዴዎችና የምግብ ተቆጣጣሪዎች ይህንኑ ወደ መለኪያ ቀይረውታል። የአዮዲን ቁጥር ይባላል፤ 100 ግራም ስብ ስንት ግራም አዮዲን እንደሚይዝ ይናገራል። ቅቤ ከ25 እስከ 45፣ የፓልም ዘይት ከ50 እስከ 55 ገደማ፣ የኑግ ዘይት ከ120 በላይ፣ የተልባ ዘይት ደግሞ ከ170 በላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድርብ ትስስሩ ይበዛል፤ ድርብ ትስስሩ በበዛ መጠን ዘይቱ ይበልጥ ፈሳሽ ነው። የፓልም ዘይት በአዲስ አበባ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ሲረጋ የኑግ ዘይት የማይረጋውም ለዚህ ነው። ከኑግ ዘይት ስብ አሲዶች ሰባ በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ እሱ ሁለት ድርብ ትስስሮች አሉት።

ይህ ሀብት ዋጋም አለው። በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል የሚገኘው ካርቦን ሃይድሮጂኑን በቀላሉ ይለቃል፤ የአየር ኦክስጅን በዚያ በኩል ይገባል። ለዚህ ነው የኑግ ዘይት ክዳኑ ተከፍቶ በብርሃን ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ ቶሎ የሚበላሸው። ጨለማ ቦታ ማስቀመጥና አጥብቆ መክደን የሚጠቅመውም ኦክስጅንና ብርሃን ከድርብ ትስስሩ አካባቢ እንዳይደርሱ ነው። የተልባ ዘይት ሦስት ድርብ ትስስር ያለው አሲድ ስለሚበዛበት በኦክስጅን አማካይነት ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ይደርቃሉ። ሠዓሊዎች በዘይት ቀለም መሥራት የቻሉት በዚህ ነው።

ሃይድሮጂኑ ወደ የትኛው ካርቦን ይሄዳል?

በኤቲሊን ሁለቱ ካርቦኖች መንታ ስለሆኑ እንግዳው የትኛውን ቢይዝ ለውጥ የለውም። ሦስት ካርቦን ያለው ፕሮፒሊን ላይ ግን ምርጫ አለ። ድርብ ትስስሩ በዳርና በመካከለኛው ካርቦን መካከል ነው፤ የዳሩ ሁለት ሃይድሮጂን አለው፣ የመካከለኛው አንድ። የሃይድሮጂን አዮን ከየትኛው ጋር ይዋሃዳል?

ሩሲያዊው ኬሚስት ቭላዲሚር ማርኮቭኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ በካዛን ሲሠራ መልሱን ደረሰበት፦ ሃይድሮጂን የሚሄደው ቀድሞውንም ብዙ ሃይድሮጂን ወዳለው ካርቦን ነው። ኤሌክትሮን ገና አልተገኘም ነበር፤ ጄ. ጄ. ቶምሰን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ማርኮቭኒኮቭ ምክንያቱን ሳይሆን ሥርዓቱን ነበር ያየው።

ምክንያቱ ባዶውን የሚቀረው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ሃይድሮጂን የዳሩን ከያዘ ባዶውን የሚቀረው የመካከለኛው ነው። የመካከለኛው ካርቦን ግራና ቀኝ ሁለት ካርቦኖች ስላሉት ከሁለቱም ኤሌክትሮን ጥቂት ጥቂት ይጠጋለታል፤ ራቁትነቱ ይቀልለታል። የዳሩ ባዶውን ቢቀር ግን የሚጠጋለት አንድ ጎረቤት ብቻ ነው። ለውጡ የሚመርጠው ጭንቁ የሚያንሰውን መንገድ ነው። ስለዚህ ፕሮፒሊን በአሲድ እየተረዳ ከውኃ ጋር ሲዋሃድ የውኃው ኦክስጅን በመካከለኛው ካርቦን ላይ ያርፋል፤ የሚገኘው አይሶፕሮፓኖል ነው። ሐኪም ቤት ከመርፌ በፊት ቆዳ የሚጠረግበትና ብዙ ሳኒታይዘር የሚሠራበት አልኮል ይህ ነው።

ሥርዓቱን በሚገባ የሚያስረዳው የሚፈርስበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ካራሽና ፍራንክ ሜዮ ፔሮክሳይድ ሲኖር ሃይድሮጂን ብሮማይድ በተቃራኒው እንደሚደመር አሳወቁ። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሃይድሮጂን ሳይሆን ብሮሚን ነው፤ ብሮሚኑ የዳሩን ይይዝና የተቸገረው የመካከለኛው ይሆናል። ከሁለቱም መንገድ ጀርባ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ችግሩ የሚያርፈው ብዙ ደጋፊ ባለው ካርቦን ላይ ነው።

ዘይት ሲረጋ

ሃይድሮጂን ጋዝ በራሱ ከአልኪን ጋር ቢቀላቀል ምንም አይሆንም፤ ሁለቱ ሃይድሮጂኖች እርስ በርስ ጥብቅ ናቸው። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ደቃቅ የኒኬል ብናኝ ይህን እንደሚፈታ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ኒኬሉ ካታሊስት ነው፤ ራሱ ሳያልቅ ለውጡን ያፋጥናል። ሃይድሮጂኖቹ በብረቱ ገጽ ላይ ይለያያሉ፤ አልኪኑም ጠፍጣፋ ወገኑን ወደ ብረቱ አድርጎ ይተኛል፤ ከዚያ ሃይድሮጂኖቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1901 ይህን በፈሳሽ ዘይት ላይ ሞከረው፤ ዘይቱ ረጋ። ርካሽ የአትክልት ዘይት በቅቤ ምትክ ዳቦ ላይ የሚቀባ ስብ መሆን ቻለ።

ችግሩ በከፊል ሲቆም ነው። አንድ ሃይድሮጂን ከገባ በኋላ ድርብ ትስስሩ ለጊዜው ነጠላ ስለሆነ ካርቦኖቹ ይዞራሉ። ሁለተኛው ሃይድሮጂን ከመግባቱ በፊት የገባው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ድርብ ትስስሩ እንደገና ይመለሳል። ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ ሲስ የነበረው ትራንስ ሆኖ ነው። የትራንስ ስብ በብዛት ወደ ገበታ የገባው እንዲህ ነው። የቀናው ሰንሰለት ቅርጽ ሰውነት በለመደው መንገድ አይሄድም፤ የትራንስ ስብ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጠቃሚውን ዝቅ በማድረግ የልብ ሕመምን ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አገሮች በኢንዱስትሪ የሚመረተውን የትራንስ ስብ እስከ 2023 ከምግብ እንዲያስወጡ ጥሪ አድርጓል። በብስኩት ወይም በማርጋሪን መጠቅለያ ላይ «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ጽሑፍ ስናይ የምናነበው የዚህን ያልተጠናቀቀ ለውጥ ታሪክ ነው፤ ይህን ማወቅ ዕቃውን መልሶ መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ በቂ ምክንያት ነው።

ጥሬ ሙዝ የሚሰማው ጋዝ

የተጋለጠው ትስስር በሕያው ተክል ውስጥም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1901 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኔሊዩቦቭ የአተር ቡቃያን የሚያጣምመው በመብራት ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1934 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን የሚበስል ፍሬ ራሱ ኤቲሊን እንደሚያመነጭ አረጋገጠ። በተክል ሴል ውስጥ ይህን ጋዝ የሚቀበለው ፕሮቲን የመዳብ አዮን ይዟል። አዮኑ ኤሌክትሮን ፈላጊ ነው፤ ኤቲሊን ሲመጣ በፓይ ኤሌክትሮኖቹ በኩል ይይዘዋል። እዚህ ላይ ጋቢው አይገፈፍም፤ መንገደኛው ጫፉን ይዞ ያርፋል እንጂ። ኤቲሊንን የሚመስል ድርብ ትስስር የሌለው ኤቴን በመጠኑ ቢቀራረብም ፍሬ አያበስልም።

ከአርባ ምንጭ ጥሬውን ተጭኖ የሚመጣ ሙዝ በዝግ ክፍል ተደርድሮ በላምባ ጭስ የሚበስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ላምባ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ከሚወጡት ጋዞች መካከል ኤቲሊን አለ። ጭሱ ሌላ ጎጂ ነገርም ስለሚይዝ ዘመናዊ ማብሰያ ክፍሎች ንጹሕ ኤቲሊን በጥቂት መጠን ይለቃሉ። የበሰለ ሙዝ ከጥሬ አቮካዶ ጋር በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከጋዝ ወደ ፌስታል

ጋቢውን የሚወስደው እንግዳ ሌላ አልኪን ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 በእንግሊዝ ኖርዝዊች በአይሲአይ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ኤሪክ ፋውሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን ኤቲሊንን ከቤንዛልዴሃይድ ጋር ከከባቢ አየር ግፊት ወደ ሁለት ሺህ እጥፍ በሚጠጋ ግፊትና በ170 ዲግሪ ሙቀት አቆዩት። የጠበቁት ውህደት አልሆነም፤ በምትኩ በመያዣው ውስጥ ሰም መሳይ ነጭ ነገር አገኙ። ፖሊኤቲሊን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራው በሌሎች እጅ ሲደገም የተሳካበት ምክንያት ታወቀ፤ በአጋጣሚ የገባ ጥቂት ኦክስጅን ለውጡን አስጀምሮታል።

ጉዳዩ እንዲህ ይሄዳል። ብቸኛ ኤሌክትሮን የያዘ ቁራጭ ከኤቲሊን ፓይ ጥንድ አንዱን ኤሌክትሮን ወስዶ ከአንደኛው ካርቦን ጋር ይተሳሰራል። በሌላው ካርቦን ላይ ሁለተኛው ኤሌክትሮን ብቻውን ይቀራል። እሱም በተራው የሚቀጥለውን ኤቲሊን ይይዛል፤ የሚቀጥለውም የሚቀጥለውን። በእያንዳንዱ ዙር 264 ኪሎጁል የሚያወጣ ትስስር ሄዶ 347 የሚያወጣ ይተካል፤ ከ80 ኪሎጁል በላይ ትርፍ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው አንዴ ከተጀመረ ሺህ ጊዜ የሚደጋገመው። እ.ኤ.አ. በ1953 ካርል ዚግለር በብረት ካታሊስት እየታገዘ በዝቅተኛ ግፊት መሥራት ቻለ፤ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ጠጣር ፕላስቲክ ወጣቸው። ውኃ የምንቀዳበት ቢጫ ጀሪካን የዚህ ልጅ ነው። ዚግለርና ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማቱን ተካፈሉ። ዛሬ በዓለም በየዓመቱ ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ ኤቲሊን ይመረታል፤ ትልቁ ድርሻ ፖሊኤቲሊን ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ፖሊኤቲሊን የተሠራው ከአልኪን ቢሆንም አልኪን አይደለም። በተሠራ ጊዜ ድርብ ትስስሮቹ ሁሉ ተከፍለው አልቀዋል፤ የቀረው በምዕራፍ 5 ያየነው ዝምተኛ አልኬን ነው፣ በጣም ረጅም ሆኖ። ለዚህ ነው ፌስታል አሲድ የማይበላው፣ ውኃ የማያሾቀው፣ ተህዋስያን ተግተው የማያፈርሱት። ወንዝ ዳር ተንጠልጥሎ ዓመታት የሚያሳልፈውና በከብት ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ የሚገኘው ስለዚህ ነው። ለመሥራት ያመቸው የተጋለጠ ትስስር ለማፍረስ አልቀረልንም። ይህን የተረዳ ሰው ፌስታልን በየሜዳው መጣል ተፈጥሮ የማትዘጋውን ሒሳብ መክፈት መሆኑን ይገነዘባል።

አዲስ አልኪን ሲያጋጥመን

ከዚህ ምዕራፍ በኋላ የማናውቀው አልኪን ቢቀርብልን ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ርቀት ያደርሱናል። ድርብ ትስስሩ የት ነው? በግራና ቀኙ ያሉት ክፍሎች በአንድ ወገን ናቸው ወይስ በተቃራኒ? አንዱ ካርቦን ባዶውን ቢቀር የሚደግፈው ማን ነው? የመጀመሪያው ለውጡ የሚካሄድበትን ቦታ፣ ሁለተኛው የሞለኪውሉን ቅርጽና ጠባይ፣ ሦስተኛው የለውጡን ውጤት ይነግረናል። ሦስቱም መነሻቸው ደካማው ትስስር ከውጭ መሆኑ ነው።

ይህ ሐሳብ ግን በሚቀጥለው ምዕራፍ ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ1825 ማይክል ፋራዴይ ያገኘው ቤንዚን የተባለ ፈሳሽ ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጂን አለው። መኪና ውስጥ የምንሞላው ነዳጅ ሳይሆን ስሙን የሚጋራ ሌላ ነጠላ ውሁድ ነው። ሃይድሮጂኑን ብንቆጥር በቀለበቱ ውስጥ ሦስት ድርብ ትስስሮች ሊኖሩት ይገባል። ባየነው ሁሉ መሠረት የብሮሚን ውኃን ቀለም በቅጽበት ማጥፋት ነበረበት፤ አያጠፋም። ስድስት ካርቦኖች ክብ ሠርተው ሲቆሙ ጋቢው የማን እንደሚሆን እናያለን።